የቶር ንድፍ ከመተማ ማዶ ሲነበብ

በሜይ 2004 አጋማሽ የቶር ኔትወርክ በጠቅላላው 32 ኮምፒውተሮች ነበሩት። 24ቱ አሜሪካ፣ 8ቱ አውሮፓ ውስጥ። አፍሪካ ውስጥ አንድም አልነበረም። ይህን የሚነግሩን ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሮጀር ዲንግልዳይን፣ ኒክ ማቲውሰንና ፖል ሲቨርሰን በዚያው ዓመት ኦገስት ሳንዲያጎ ላይ በተካሄደው የዩዝኒክስ የደኅንነት ጉባኤ ባቀረቡት የንድፍ ጽሑፍ። (በዚህ ዳሰሳ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ የኮምፒውተሮቹ ቁጥር ከ7,000 በላይ ነው፤ ተጠቃሚውም በሚሊዮን ይቆጠራል። ምሥጠራው ታድሷል፣ ኮዱ በብዛት እንደገና ተጽፏል፤ መሠረቱ ግን ያ ጽሑፍ ነው። በአማርኛ ስለ ቶር የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ወይ «ጨለማው ኢንተርኔት» የሚል ማስፈራሪያ ነው፣ ወይ «ይህን አፕ ጫኑ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያያችሁም» የሚል ማባበያ። ጽሑፉን ያነበበ ሰው ሁለቱንም ለማለት አይደፍርም።

እዚህ የማነበው ከመፋዛ በኩል ሆኜ ነው። መፋዛ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ያለች፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚታረስባት አካባቢ ናት። በአጨዳ ሰሞን ከእኛ በኩል የሚሻገረው የጉልበት ሠራተኛ ያን አገር ካርታ ሳያይ ያውቀዋል። ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ፣ ጋላባትን አልፎ፣ በዶካ በኩል ገዳሪፍ ከተማ የሚያደርሰው መንገድ የተመላለሰበት ሸቀጥ ብቻ አይደለም። ከቀይ ሽብር የሸሸው ወጣት በዚያ ወጥቷል። የ1980ዎቹ ድርቅና ጦርነት ያፈናቀለው ሕዝብ ያረፈባት ኡም ራኩባ፣ በኖቬምበር 2020 ከትግራይ ለሸሸው እንደገና ካምፕ ሆናለች። የሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ አቅጣጫው ተገልብጦ ሱዳናዊው ወደ መተማ መጥቷል። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ «ማን ለማን ጻፈ» የሚለው ጥያቄ የምሁር ጨዋታ አይደለም። ከዚህ ሆኖ ሲነበብ ታዲያ ከጽሑፉ አንዳንዱ አንቀጽ ይገዝፋል፣ ሌላው ይኮስሳል፤ ለሳንዲያጎው ታዳሚ እምብዛም ያልከበደ አንድ መስመር ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይጋርዳል።

መጀመሪያ ንድፉን። የኢሕአፓን የህቡዕ አደረጃጀት የሚያስታውስ አንባቢ ሐሳቡን ወዲያው ይይዘዋል። አንድ አባል የሚያውቀው የራሱን ሕዋስና ከሌላው ጋር የሚያገናኘውን ሰው ነው፤ እሱንም በትግል ስሙ። ቢያዝ የሚያወጣው የሰንሰለቱን አንድ ቀለበት ብቻ ነው። በቶርም የእርስዎ ኮምፒውተር ከኔትወርኩ ኮምፒውተሮች ዝርዝር ሦስት ሪሌይ፣ ማለትም ሦስት አቀባባይ፣ ይመርጣል። የመግቢያው ሪሌይ እርስዎን ያውቃል፣ የት እንደሚሄዱ ግን አያውቅም። የመሐለኛው የሚያውቀው ግራና ቀኙን ብቻ ነው። የመውጫው የሚሄዱበትን ድረ ገጽ ያያል፣ እርስዎን ግን አያይም። መልእክቱ በሦስት የምሥጠራ ልባስ ተጠቅልሎ ይነሣና በየሪሌዩ አንድ አንድ ልባስ እየተገፈፈ ይደርሳል። ይህን ያህሉ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ሲሠራበት የነበረ ነው።

የ2004ቱ ሰዎች የጨመሩት በርዕሳቸው «ሁለተኛ ትውልድ» ያሰኛቸውን ነው። ዋናው የመንገዱ አሠራር ነው። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ ከመግቢያው ሪሌይ ጋር ጊዜያዊ ቁልፍ ይስማማል፤ በእሱ ውስጥ አልፎ ከመሐለኛው ጋር፣ በሁለቱ ውስጥ አልፎ ከመውጫው ጋር። ሥራው ሲያበቃ ቁልፎቹ ይጣላሉ። ነገ አንዱ ሪሌይ ተወርሮ ማሽኑ ቢወሰድ እንኳ የትናንቱን መልእክት የሚከፍት ነገር አይገኝበትም፤ የተያዘው ሰው ስሙን ራሱ ረስቶታል ማለት ነው። ዳታው እኩል እኩል እየተቆረጠ በ512 ባይት ቁርጥራጭ እንዲጓዝ መደረጉም የቁርጥራጩ መጠን ራሱ ምስጢር እንዳያወጣ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ግን ከሒሳቡ የሚቀድመው አስተያየት ነው። ጸሐፊዎቹ ለመጠቀም ማስቸገር የደኅንነት ጉድለት ነው ይላሉ። የሚከብድ መሣሪያ ጥቂት ሰው ይይዛል፤ ጥቂት ሰው የያዘው መሣሪያ ማንንም አይሰውርም። ባሕር ኃይሉ ፈጠራውን ለሕዝብ የለቀቀው በጎ አድራጊ ሆኖ አይደለም። ኔትወርኩን የሚጠቀሙት የእሱ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ፣ ከኔትወርኩ የወጣ ሁሉ የእሱ ሰው መሆኑ ይታወቅ ነበር። ለመሰወር ሰው ያስፈልጋል፣ ብዙ ሰው፣ ደግሞም የተለያየ ሰው። በዚያ ዘመን የጓዳ ሒሳብ ብቻ ይጻፍበት በነበረ መስክ እንዲህ ያለ ነገር ማለት ድፍረት ነበር፤ ከቶር እኩል ከተነሡት ብዙዎቹ ሲጠፉ ቶር የቀረበትም አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ለሐቀኝነቱ ነው። ጽሑፉ የማይሠራቸውን ነገሮች ለይቶ ይዘረዝራል። የመንገዱን ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ጊዜ የሚመለከት ኃይል ጊዜውን አነጻጽሮ ሊያገናኛችሁ ይችላል፣ ያንን አንከላከልም ይላል። ብሮውዘራችሁ ራሱ ማንነታችሁን ቢያወጣ ሌላ መሣሪያ ጨምሩበት ይላል። ከዚያም በመጨረሻ፣ በአጭሩ፣ ከኔትወርኩ ጋር የተገናኘው ማን እንደሆነ ለመደበቅ አንሞክርም ይላል። የምትጎበኙት ድረ ገጽ አይታይም፤ ቶርን መጠቀማችሁ ግን ይታያል ማለት ነው።

ይህቺ መስመር ለሳንዲያጎው ታዳሚ ትርፍ ነገር ነበረች። በሚሊዮን የሚቆጠር የኢንተርኔት ደንበኛ ባለበት አገር፣ ቶር መክፈት በሕግ በማያስጠይቅበት ከተማ፣ «ቶር ተጠቅሟል» መባል ምን ያደርጋል? እዚያው አሜሪካ እንኳ ያደረገው ነገር አለ። በዲሴምበር 2013 አንድ የሃርቫርድ ተማሪ ፈተና ለማስተጓጎል የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ በቶር በኩል ላከ። የያዙት ምሥጠራውን ሰብረው አይደለም። በዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ በዚያ ሰዓት አካባቢ ቶርን የተጠቀመው ማን እንደሆነ አይተው ሄደው ጠየቁት፤ አመነ። ሃርቫርድን የሚያህል ግቢ እንዲህ ከጠበበ፣ መተማ ዮሐንስ ላይ በአንድ አንቴና ሥር ቶርን የከፈተው ሰው ስንተኛ ነው? አንደኛ ነው፤ ብቻውን ነው።

ኢትዮጵያ ያንን መስመር የፈተነችው በሜይ 2012 ነው። በወሩ ማብቂያ የቶር ፕሮጀክት ሰዎች ከኢትዮጵያ የሚመጣው ተጠቃሚ መገናኘት እንዳቃተው አስታወቁ፤ አገሪቱ በብቸኛው የቴሌኮም ድርጅቷ በኩል የዳታን ውስጥ እየፈተሸ የሚለይ ቴክኖሎጂ፣ ዲፕ ፓኬት ኢንስፔክሽን የሚባለውን፣ ሥራ ላይ አውላለች ወይም እየሞከረች ነው አሉ። ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ነገር ያዩት በቻይና፣ በኢራንና በካዛክስታን ነበር። በኢንተርኔት ሽፋኗ ከአፍሪካ ጭራ ላይ የነበረችው አገራችን በዚህ ከፊተኞቹ ተሰለፈች። የተዘጋው የአድራሻ ዝርዝር አልነበረም። ሁለት ኮምፒውተሮች ምሥጢራዊ መስመር ሲከፍቱ አስቀድመው የሚለዋወጡት፣ በግልጽ የሚታይ የሰላምታ ልውውጥ አለ። የቶር ሰላምታ ከተራው የድረ ገጽ ሰላምታ በጥቂት ምልክቶች ይለይ ነበር፤ ፈታሹ መሣሪያ በእነዚያ ምልክቶች እየለየ ይቆርጠዋል።

በስክሪን ላይ ይህ የሚመስለውን ላሳያችሁ። ቶር ሲነሣ ከዜሮ እስከ መቶ የሚሄድ የመገናኛ መለኪያ አለው። ኔትወርክ ከሌለ ከአምስት በመቶ አይዘልም። ሪሌዩን ካገኘና በሩ ከተከፈተለት አሥር ይሆናል። ከአሥር በኋላ የሚመጣው ሰላምታው ነው። አሥር በመቶ ላይ ደርሶ ቢቆም፣ ደቂቃ ቢጠብቁት፣ ቢያጠፉና ቢያበሩት አሥር ላይ ቢገተር፣ መስመርዎ ደካማ ሆኖ ላይሆን ይችላል። በሩን አንኳኩተዋል፣ ተከፍቷል፣ አንድ ሰው ግን መሐል ቆሞ ሰላምታዎን ሰምቷል። በእኛ አገር አንድ ሰው ይህን መለኪያ አይቶ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ስልኩን ኪሱ ሲከት፣ በሌላው ጫፍ ያለው መዝገብ የዚያን ሲም ካርድ ቁጥርና ሰዓቱን ሊይዝ ይችላል። ንድፉ ስለዚያ መዝገብ የሚለው ነገር የለውም፤ «አንሞክርም» ብሏልና።

ያ ዓመት ሌላም ነገር ነበረበት። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የወጣው በዚያው ክረምት ነው፤ ስካይፕ ሊያሳስር ነው ተብሎ ያኔ ብዙ ተወራ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በኤፕሪል 2014፣ ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በክሳቸው ውስጥ ከተቆጠረባቸው ነገር አንዱ ራስን በዲጂታል መንገድ የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር፤ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የሚባለው ማንም ከኢንተርኔት በነጻ የሚያወርደው መመሪያ በክሱ ተጠቀሰ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ምን እንደጻፉ ሳይሆን ለመሰወር መሞከራቸው ማስረጃ ሆነ። በኋላ የከፊሎቹ ክስ ተነሣ፣ የቀሩትም በኦክቶበር 2015 ከሽብር ክስ ነጻ ተባሉ፤ ከዓመት በላይ ግን እስር ቤት ቆይተዋል። የ2004ቱ ጽሑፍ አጥቂውን ሲስል የሚያስበው ትራፊክ የሚያነጻጽር፣ ሪሌይ የሚያስርግ፣ ቁልፍ የሚሰርቅ አጥቂ ነው። ለመሰወር መሣሪያ መያዝን ራሱን ወንጀል ብሎ ችሎት የሚያቀርብ አቃቤ ሕግ በአጥቂዎቹ ዝርዝር የለም።

ሠሪዎቹ ዝም አላሉም፤ የጽሑፉ ክፍተት ከታየ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው መጠገን ነው። መጀመሪያ «ድልድይ» የሚባሉ፣ በይፋ ዝርዝር የማይወጡ መግቢያዎች መጡ። ድልድዩ ግን ሰላምታው ያው ከሆነ ያው ይያዛል፤ ስለዚህ ሰላምታውን ትርጉም የሌለው ጩኸት የሚያስመስል ተጨማሪ መሣሪያ ተሠራ። በ2012 ከኢትዮጵያ እገዳ የሚያሻግረውም ይህ ዓይነቱ ነበር። ከዚያ ተሻሽሎ ኦብፍስ4፣ በትልልቅ ኩባንያዎች አገልግሎት ጀርባ የሚያሳልፈው ሚክ፣ በ2021 ስኖውፍሌክ፣ በ2024 ተራ የድረ ገጽ ትራፊክ የሚመስለው ዌብተነል መጡ። እያንዳንዱ ለብቻው ብልህ ሥራ ነው። አንድ ላይ ሲታዩ ግን ቤቱ ከተሠራ በኋላ በየክረምቱ የሚጨመር ቆርቆሮ ናቸው፤ መሠረቱ ላይ «ማን እንደገባ አይደበቅም» ተብሎ ስለተጻፈ መደበቁ ሁልጊዜ ከላይ የሚለጠፍ ሆኗል። ተጠቃሚውም የትኛውን መለጠፍ እንዳለበት መምረጥ ይጠበቅበታል፤ ያ ሁሉ የተወደሰው ቀላልነት እዚህ ጋ ይፈርሳል።

ሪሌይ የማቋቋሙን ነገር ስናነሣ የጽሑፉ ሌላ ግምት ይገለጣል። ጽሑፉ ኔትወርኩ በፈቃደኞች እንደሚቆም ይነግረናል፤ ለምን ሰው ማሽኑን በነጻ እንደሚያውል ሲጠይቅም፣ ሪሌይ የሚያስተናግድ ሰው የራሱም ትራፊክ ከሌላው ስለሚቀላቀል የተሻለ መሰወሪያ ያገኛል የሚል መልስ ይሰጣል። ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተር፣ ቶርን መጫን፣ ከዚያ በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ ጥቂት መስመሮች፤ ለሪሌዩ ስም፣ ችግር ሲኖር የሚጻፍበት ኢሜይል፣ ከውጭ የሚገባበት የፖርት ቁጥር፣ በወር ከዚህ በላይ ዳታ አታሳልፍ የሚል ወሰን፣ የመውጫ ሪሌይ አይደለሁም የሚል አንድ መስመር። አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

ይህን መፋዛ ወይም በመተማ በኩል ገንደ ውሃ ላይ ይሞክሩት። የቶር ፕሮጀክት ለሪሌይ የሚጠይቀው በትንሹ 10 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ቢቻል 16፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ነው። በወር በየአቅጣጫው ቢያንስ 100 ጊጋባይት ያሳልፍ ይላል። እኛ ዳታ የምንገዛው በጥቅል ነው፤ የቀን ጥቅል፣ የሳምንት ጥቅል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ አድራሻው ነው። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኛ አንድ የወል አድራሻ ተጋርቶ ስለሚወጣ ከውጭ ወደ አንድ ስልክ አንኳኩቶ መግባት አይቻልም፤ ሪሌይ ደግሞ የሚኖረው በመንኳኳት ነው። ይህም ሁሉ ቢሟላ መብራት አለ። አዲስ ሪሌይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትራፊክ እምብዛም አይሰጠውም፤ የኔትወርኩ ዳይሬክተሪዎች ፍጥነቱንና ሳይቋረጥ መቆየቱን ይለኩታል፣ የመግቢያ ሪሌይ ሆኖ በሙሉ አቅሙ ሥራ እስኪጀምር ሁለት ወር ያህል ይወስዳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ መብራት የሚጠፋበት ሪሌይ ያ እምነት ላይ አይደርስም። ስለ ፈቃደኝነት የሚያወራው አንቀጽ ፋይበር፣ መብራትና የግል አድራሻ ላለው ሰው የተጻፈ ነው፤ 24ና 8ቱ ያለምክንያት እዚያ አልተከማቹም።

የመውጫ ሪሌይ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የሌላ ሰው ጥፋት በእርስዎ አድራሻ ይወጣል። ዲሚትሪ ቦጋቶቭ የተባለ የሞስኮ የሒሳብ መምህር የመውጫ ሪሌይ በቤቱ ስለነበረው በኤፕሪል 2017 ታስሮ፣ ክሱ የተቋረጠው ከዓመት በኋላ ነው። ጽሑፉ ይህን አስቀድሞ አይቶታል፤ ባለ ሪሌዩ ምን ዓይነት ትራፊክ እንደሚያስወጣ የሚወስንበትን ሥርዓት የዘረጋው ለዚህ ነው። የእኛን አካባቢ ፖሊስ «እኔ አቀባባይ ብቻ ነኝ» ብሎ ለማስረዳት ግን ያ ሥርዓት አይበቃም። ምክሬን ለሚፈልግ፣ በድንበሩ በግራም በቀኝም የመውጫ ሪሌይ አይሞከር።

ስኖውፍሌክን ለይቼ የማነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ጥገና የፈቃደኛውን ቦታ ቀይሮታል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለች አንዲት ሐበሻ ብሮውዘሯ ላይ ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ትጭናለች፤ ኦርቦት የተባለው የቶር አፕ ስልኳ ላይ ካላትም በአንድ ቁልፍ ታበራዋለች። ታግዶ ያለው ሰው ቶርን ሲከፍት አንድ አገናኝ ከእሷ ጋር ያጣምረዋል፤ ትራፊኩ በቪዲዮ ጥሪ መልክ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ድልድዩ፣ ከዚያ ወደ ሪሌዮቹ ይሄዳል። እሷ የመውጫ ሪሌይ አይደለችምና የሚጎበኘው ድረ ገጽ የእሷን አድራሻ አያይም። ኮምፒውተሯን ስትዘጋ ትጠፋለች፣ ሌላ ይተካታል፤ አጋጁ ከዝርዝር ሊይዘው የሚችል ቋሚ አድራሻ የለም። የግል አድራሻ አይጠይቅም፣ ሁለት ወር አያስጠብቅም። በስደት ያለው ወገናችን ለድንበሩ ሰው የሚያውለው ነገር ቢፈልግ፣ ከማንኛውም የሪሌይ ጀብዱ ይልቅ ይህ ይቀርበዋል።

ጽሑፉ በአጭሩ ያለፈው ሌላው ጉዳይ ጫፎቹ ናቸው። ንድፉ መሣሪያችሁን ራሱን የያዘውን አጥቂ አይከላከልም፤ የእኛ ታሪክ የሄደውም በዚያ በር ነው። የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ በማርች 2013 የግንቦት ሰባት ሰዎችን ፎቶ እንደ ማጥመጃ የያዘ ፊንፊሸር የተባለ የስለላ ፕሮግራም አገኘ። በዲሴምበር 20፣ 2013 በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት የኢሳት ባልደረቦች ሦስት ጊዜ የስለላ ፋይል ተላከላቸው። በዲሴምበር 2017 የወጣው ጥናት ደግሞ የፍላሽ ማሻሻያ ተመስሎ በኢሜይል ሊንክ የሚላክ የሳይበርቢት ፕሮግራም በኦሮሞ አክቲቪስቶች ላይ መዋሉን አሳየ። ሰላዩ ሪሌይ አላሰረገም፣ ትራፊክ አላነጻጸረም። ፋይል ላከ፣ እስኪከፈት ጠበቀ።

በድንበሩ ላይ ይህ መልኩን ቀይሮ ይገኛል። ስልክ ቤቱ ደጃፍ ላይ ባትሪ የሚያስሞላው ልጅ አፕ የሚጭነው ከፕሌይ ስቶር አይደለም፤ ዳታ ይበላል። ከጎኑ ያለው ሰው በዜንደር ይልክለታል፣ ወይም የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የተለጠፈውን ፋይል ያወርዳል። «ከማይታወቅ ምንጭ መጫን አደገኛ ነው» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሳያነብ «እሺ» ይለዋል፤ ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ የተጫነው እንዲሁ ነው። የቶር ፕሮጀክት ለእያንዳንዱ ፋይል ትክክለኛነቱ የሚረጋገጥበት ፊርማ ያወጣል፤ ማረጋገጡ ግን ኮምፒውተርና የማዘዣ መስኮት ይፈልጋል። ሦስት ሪሌይ፣ ሦስት ልባስ፣ የሚጣል ቁልፍ፤ ይህ ሁሉ ከጎረቤት ስልክ በመጣ ፋይል ላይ ይንጠለጠላል። ቀላልነት ደኅንነት ነው ያለው ጽሑፍ ቀላልነቱን ከጫኑት በኋላ አስቦበታል፤ ከመጫኑ በፊት ላለው የሰጠው መልስ ግን ያ ፊርማ ነው፣ ሙሉ መፍትሔ እንዳልሆነም ራሱ ያምናል።

ከሁሉ የከበደው ግን ጽሑፉ ከነጭራሹ ያልተጠራጠረው ነገር ነው፤ ከቶር በታች ኢንተርኔት አለ ብሎ ይነሣል። ኖቬምበር 4፣ 2020 ትግራይ ውስጥ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋረጠ። ሐምዳየት ላይ ተከዜን ተሻግሮ የደረሰው ስደተኛ ማዶ ስለቀረው ቤተሰቡ የሚያውቀው አዲስ መጪ የነገረውን ነበር። በኦገስት 2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቆረጠ። የቶር የመገናኛ መለኪያ እዚህ ሲደርስ አሥር እንኳ አይነካም።

የሱዳኑ ከዚህ የባሰ ያስተምራል። ጁን 3፣ 2019 ካርቱም ላይ ተቃዋሚዎች ከተጨፈጨፉ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። አብደል አዚም ሐሰን የተባለ የካርቱም ጠበቃ የቴሌኮም ድርጅቱን ዜይንን ከሶ በወሩ መጨረሻ አካባቢ ረታ። ክሱን ያቀረበው በግሉ ስለነበር ኢንተርኔቱ የተከፈተለት ለእሱ ብቻ ሆነ። በሚሊዮን በሚቆጠር ደንበኛ መካከል በሞባይሉ ኢንተርኔት ያለው አንድ ሰው! እንደገና ችሎት ቀርቦ ለሁሉም እንዲከፈት የታዘዘው በጁላይ 9 ነው። የቶር ጽሑፍ «ለመሰወር ሰው ያስፈልጋል» ሲል ያሰበው እንዲህ ያለውን አልነበረም፤ እኔ ግን ያንን ሐሳብ ለሰው ሳስረዳ ከዚህ ጠበቃ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በዚያ ሳምንት ቶርን ቢከፍት ኖሮ የዓለም ሪሌይ ሁሉ ተባብሮ አይሰውረውም ነበር።

በፌብሩዋሪ 2024 ጦርነቱ ካርቱም ያሉትን የቴሌኮም ማዕከላት ሲነካ አብዛኛው ሱዳን ከኔትወርክ ወጣ። ያን ክፍተት የሞላው ስታርሊንክ ነው፤ አንድ ሳህን ይተከላል፣ ባለ ሳህኑ በሰዓት ያስከፍላል፣ ሰልፈኛው ተራውን ይጠብቃል። እዚህ ላይ የ2004ቱ ንድፍ ድንገት ጥሩ ሥራ ይሠራል። ባለ ሳህኑ፣ ወይም ባለ ሳህኑን የሚያዘው ጠመንጃ ያዥ፣ ስልክዎ ከማን ጋር እንደሚያወራ ማየት ቢፈልግ ቶር ይከለክለዋል። «ይህ ስልክ ቶር ከፍቷል» ማለቱን ግን አይከለክለውም፤ እዚያው አጠገብዎ ቆሞ ነው የሚያየው።

በፌብሩዋሪ 2023 በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቀውስ ሰሞን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲታገዱ የአገራችን ሰው የሮጠው ወደ ቪፒኤን ነው፤ እገዳው እስከ ጁላይ ስለቆየ ቪፒኤን የተጫነበት ስልክ ብዙ ነበር። ቶርን ያስታወሰ ብዙ አልነበረም። የጽሑፉ ደራሲዎች በዚህ ያዝኑ ነበር፤ የእነሱ ዋና ክርክር እምነትን በአንድ እጅ አታስቀምጡ ነው፣ ነጻ ቪፒኤን ደግሞ መላ ትራፊክን ለማይታወቅ አንድ ኩባንያ አሳልፎ መስጠት ነው። እኔ ግን ሰውን አልወቅስም። ቲክቶክ ለማየት ሦስት ሪሌይ መዞር አያስፈልገውም፤ ቶር ሲነሣ የሪሌዮቹን ዝርዝር ለማውረድ ብቻ የሚበላው ሜጋባይት ለጥቅል ገዢ ይከብዳል፣ በቱጂ ላይ ደግሞ መገናኘቱ ራሱ ትዕግሥት ይፈትናል። ከገዳሪፍ ካምፕ ሆኖ የተገደለውንና የገደለውን በስም የሚመዘግብ ሰው ነገር ይለያል። ለእሱ ቪፒኤን አይበቃም፣ ጽሑፉም አሁንም ከእሱ ጋር የሚነጋገር ብቸኛው ቁም ነገረኛ ሰነድ ነው፤ የዋህነቱን ግን ከ2012 ወዲህ በመጡት ጥገናዎች እያረመ ማንበብ አለበት።

ጥገናዎቹን የማከፋፈሉ ነገር አሁንም አልተፈታም። የቶር ድልድይ ከሚገኝባቸው መንገዶች ለእኛ ሰው የሚቀርበው የቴሌግራም ቦቱ ነው፤ ለቦቱ መልእክት ይልኩለታል፣ ድልድዩን በጽሑፍ ይሰጣል፣ ቶር ላይ ይለጥፉታል። በፌብሩዋሪ 2023 ከታገዱት አንዱ ቴሌግራም ነበር።